ድንጋይ የሆነው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሩቅ ገደል ውስጥ ተወልዶ ያደገ አንድ ጅብ ረሀብ ቢጠናበት ጓዙን ሳይጠቀልል ወደ ከተማ ዳር ወረደ። ጅብ ምን ጓዝ አለው፤ ያለው ሆዱ ብቻ ነው። ይህን ጅብ እናቱ «ገራገር» ትለው ነበር። ጎረቤቶቹ ደግሞ «የዋህ» ይሉታል፣ በተለይ የሚበላውን ሲያካፍላቸው። ከተማ ዳር በደረሰበት ቀን ግን ስሙ ተለወጠ።

ከቄራው ጀርባ ሥጋው ያልተነካ የበሬ ቅልጥም አግኝቶ አፉን ሲከፍት፣ ከአጥሩ ሥር አንዲት ቀበሮ ብቅ አለች። የከተማ ቀበሮ ናት፤ እንጀራዋን የምትበላው በምላሷ ነው።

«ኧረ አያ ጅቦ! ሥጋውን ልትበላው ነው?»

«እና ምን ላድርገው?»

«ፋራ!» ብላ ሳቀችበት። «እዚህ ሥጋ የሚበላው ፋራ ነው። አራዳ አጥንቱን ይቆረጥማል፣ ሥጋውን ይንቃል።»

ጅብ «ፋራ» ምን እንደሆነ አላወቀም። ቃሉ ግን እንደ መዥገር ጆሮው ላይ ተጣበቀ። እንዳይጠይቅ፣ መጠየቁ ራሱ ፋራ ያሰኘኛል ብሎ ፈራ። «እኔስ ሥጋ መች ወድጄ!» አለና ሥጋውን ገሽልጦ ጥሎ አጥንቱን ይዞ ዞር አለ። ቀበሮ ሥጋውን በላች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። ጅብ አራዳ በሆነ ቁጥር ጎኑ እየገባ፣ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ መጣ። ምስኪኑን ባዶ ሆዱ እንኳ ሊያስረዳው አልቻለም።

የገበያ ዕለት ቀበሮ ጅቡን አየችውና ሥጋት ገባት። ይህ ቢሞትብኝ ሥጋ ማን ያመጣልኛል?

«ስማኝ አያ ጅቦ፣» አለችው። «ከገበያው ዳር አንዲት አህያ ታስራ ቆማለች። ከተማ መጥታ የማታውቅ፣ ገና ጥሬ ናት። ገመዷን በጥሳ እንድትመጣ እኔ አባብላታለሁ። አንተ አጠገቧ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ድንጋይ መስለህ ተኛ። እኔ እህህ ብዬ ሳልስል እንዳትነሳ! እንደታሰረች ብትይዛት ታናፋለች፣ ገበያተኛው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወርድብሃል። ደግሞ እወቅ፣ የሚንቀሳቀስ ፋራ ነው።»

ጅብ ሄዶ ተኛ። ሥጋ ካልበላ ብዙ ቀን ቆሞ እንደማይሄድ ያውቃል። ሆዱ ሲንጫጫ፣ «ዝም በል፣ ታሰድበኛለህ!» እያለ ይቆጣዋል።

ቀበሮ ጅራቷን እያወዛወዘች ወደ አህያዋ ቀረበች። «እሜት አህይት፣ እንደምን ዋልሽ? ምነው ታሰርሽ? እዚህ አገር እኮ የሚታሰረው ፋራ ብቻ ነው!»

«አዎ እሜቴ፣ ፋራ ነኝ፣» አለች አህያ ሳሯን እያላመጠች። «የመጣሁት ዛሬ ነው፣ ምንም አላውቅም። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ገመዱን ብበጥስ ወዴት እሄዳለሁ?»

ቀበሮ ደነገጠች። እስከ ዛሬ «ፋራ» ብላ የሰደበችው ሁሉ «አይደለሁም» ብሎ ሲንገበገብ እንጂ «አዎ» ሲላት አልሰማችም።

«ወደ... ወደ ቁጥቋጦው። ሣሩ እዚያ ለምለም ነው።»

«እዚያ የተጋደመው ግራጫ ነገር ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«የእናንተ አገር ድንጋይ ጆሮ አለው እንዴ? ፋራ ስለሆንኩ ነው የምጠይቅሽ።»

«አ... አለው! የከተማ ድንጋይ ነው።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ጆሮውን እጥፍ አደረገ።

«አሁን ደግሞ የለውም፣» አለች አህያ። «እኛ አገር ድንጋይ መሆኑን የምናጣራው በሰኮና ነው።» ገመዷ ረዘም ያለ ነበርና ወደ ቁጥቋጦው ተጠግታ ጀርባዋን አዞረች።

ጅብ የኋላ እግሮቿን አፍንጫው ሥር አያቸው። ልያዛት? ቀበሮ አልሳለችም። ልሽሽ? ድንጋይ አይሸሽም። የመጀመሪያው እርግጫ ግንባሩ ላይ አረፈ። ጥርሱን ነክሶ ቻለው፤ በልቡም «ይኸው አራዳ ሆንኩ!» አለ። ሁለተኛው መንጋጋውን አናጋው፣ ክራንቻውም ወለቀ።

«ዋይ እናቴ!»

«ድንጋዩ እናትም አለው፣» አለችና አህያ አናፋች። ገበያተኛው ዱላውን ይዞ ውሻውን አስከትሎ ወረደ። ጅብና ቀበሮ ወንዝ እስኪሻገሩ ወደ ኋላ አላዩም።

«ፋራ! ድንጋይ ይጮኻል?» አለችው ቀበሮ እያለከለከች። አህያዋ «አዎ፣ ፋራ ነኝ» ያለችው ነገር ግን በጅቡ የተመታ ጭንቅላት ውስጥ ይመላለስ ነበር።

ሰንብቶ፣ ጅብ ከቄራው ጀርባ ሥጋ የሞላበት ጎድን አገኘ። ቀበሮ እንደ ልማዷ ከች አለች።

«ኧረ አያ ጅቦ! ሥጋ የሚበላው...»

«ፋራ ነው። አውቃለሁ። እኔ ፋራ ነኝ፣» አለና ሥጋውን ይገሸልጠው ጀመር።

ቀበሮ ቶሎ ብላ ሌላ ስድብ ፈለገች። «ባላገር!»

«አዎ።»

«ጅል!»

«እሱንም ነኝ።» ሥጋውን ጨርሶ አፉን ላሰና አጥንቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ነይ እንግዲህ፣ አጥንቱ የአራዳ ነው።»

ቀበሮ አጥንቱን አየችው፤ ትንንሽ ጥርሶቿን በምላሷ ዳበሰች፤ ጅራቷን ቆልፋ ሄደች። ጅብም ጅብ ነውና አጥንቱንም ጨረሰው።

ከዚህ የምንማረው፣ ፋራ እንዳልባል ብሎ «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር ሁሉ ሥጋውን ለሰዳቢው ትቶ አጥንት ሲቆረጥም እንደሚኖር ነው።