ዋናው ማን ጋ ነው?

አንዲት ሴት ስልኳን ይዛ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባች። ስልኳ ውስጥ የሟች እናቷ ቪዲዮ አለ። እናትየው ለሕክምና ሐዋሳ ሄደው እዚያው ከማረፋቸው በፊት፣ አልጋ ላይ ደገፍ ብለው ለባላቸው ሰላምታ ሲልኩ የተቀረጸ ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ በስልክ አይታያቸውም። ቤት ዲቪዲ ማጫወቻ አለን። በቴሌቪዥን አንዴ ፊቷን ልይ ብለው ለመኑኝ» አለች።

ባለሙያው ምናሴ በትልቁ ስክሪን ከፈተላት። ምን ይታያል? ፊታቸው ተፈረካክሷል። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ከኋላቸው ነጭ ነገር ብቻ፤ ትራስ ይመስላል።

«እባክህ ወንድሜ፣ ጥሩውን ዲስክ ተጠቀምልኝ።»

«እቱ፣ ዲስኩ ምን አደረገ? ይሄ ቪዲዮ እንዲቀል እየተጨመቀ ከስልክ ስልክ የመጣ ነው። በተላከ ቁጥር ከምስሉ ጥቂት ጥቂት ተጥሏል። የተጣለውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? አንድ ብርጭቆ ውሃ ጋን ውስጥ ብገለብጠው ጋኑ አይሞላ! ዋናው ማን ጋ ነው?»

ዋናው ሐዋሳ፣ ታላቅ እህቷ ጋ ነው። ከእህቷ ጋር ደግሞ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን? «እናቷን ሐኪም ቤት ጥላ ሱቋ ውስጥ ስትነግድ ነበር» ሲባል ሰምታ! ከማን ሰማች? ከአክስቷ። አክስትየው ከጎረቤት። ጎረቤትስ ከማን? እንጃ!

ግን የአባት ነገር ነውና ደወለች። «እትዬ እቴነሽ፣ የእማዬን ቪዲዮ በፍላሽ ላኪልኝ።» በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እህትየውም «እሺ» ብላ በሚኒባስ ሹፌር ላከችላት።

ምናሴ ከፈተው። የእናትየው ሽፋሽፍት ሳይቀር ታየ። ሴትየዋ ግን ሌላ ነገር ላይ ፈዛ ቀረች። እናትየው የተደገፉት ያ ነጭ ነገር ትራስ አይደለም። ነጠላ የለበሰች እህቷ ናት! ከኋላ አቅፋቸዋለች። ከስታለች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ትራስ መስላኝ ነበር» አለች ሴትየዋ እያለቀሰች። «ሁለት ዓመት ሙሉ!»

ዲስኩ ተሠርቶ አለቀ። እሷ ግን ለእህቷ ደውላ፣ ከሐዋሳ እስክትመጣ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ለአባታቸው አሳዩአቸው።

ወገኖቼ፣ እኔ በዚህች ሴት አልፈርድም፤ እናንተም አትፍረዱባት። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ስላወቁን ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ስለ ወንድማችሁ የያዛችሁት ወሬ በስንት አፍ አልፎ ደረሳችሁ? በየአፉስ ምን ምን ተጣለ? እንባው ተጥሏል። ምክንያቱ ተጥሏል። ሳይተኛ ያደረባቸው ሌሊቶች ተጥለዋል። እኛ ግን የተረፈችውን ፍርፋሪ ልባችን ላይ አትመን፣ ዓመት ከዓመት እሷኑ እያየን እንናደዳለን።

እናንተም የማትደውሉለት አንድ ስልክ ቁጥር አለ። የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉለት። ባያነሳ ነገም ደውሉ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈራው ቁጥር አለኝ።

ግን እናታችሁን ደግፎ ይዞ የነበረው እሱ ቢሆንስ?