ቀይዋ ባለ ሁለት በር

ቢሾፍቱ ውስጥ ገዢ ደጁ ቆሞ ሳለ ሰበብ የሚደረድር ሻጭ ሲያጋጥም ሰዎች የሚወረውሯት አንዲት አነጋገር አለች። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለችም። የተወለደችበትን ጠዋት አውቀዋለሁ፤ አጎቴ አቶ ዘርጋው ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አጎቴ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ከተማው ውስጥ የእሷ ቢጤ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአቶ ቁምላቸው ብርማ። ሁለቱም ስድሳን የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሆቴል ይከንፉና ዋርካው ጥላ ሥር ቀድሞ ለማቆም ይሽቀዳደማሉ። የተቀደመው ፀሐይ ላይ አቁሞ ፊቱ እንደ ጠቆረ ይውላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የተለዋወጡት በክላክስ ብቻ ነው።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን እዚያች መኪና ውስጥ መግባት አልቻሉም። እንደምንም ቢገቡ እንኳ ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባቸው። ሊያስገቡት የተሳሉት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሟል። አውቶቡስ አይሆናቸውም፤ ያን ያህል መንገድ ጉልበታቸውን አጥፈው መቀመጥ አይችሉም። የሰው መኪና መከራየትን አጎቴ እንደ ስድብ ነው የሚቆጥሩት። በመስከረም «ቀይዋን ሸጬ፣ ከፍ ያለ መኪና ገዝቼ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ አደርስሻለሁ» ብለው ማሉ። እትዬ አስካለ ጥላውን አውርደው አቧራውን ጠረጉ።

በዚያው ሰሞን አቶ ቁምላቸውም ብርማዋን ሊሸጡ መነሣታቸው ተሰማ። ፉክክሩ ከዋርካው ጥላ ወደ ገዢ ዞረ። አጎቴ ደላላውን ጥጋቡን ጠሩት።

«ስማ፣ መኪናዬን የሚረከበው የተከበረ ወንድ መሆን አለበት። ቁምላቸው አይቶት የሚቀናበት።»

ጥጋቡ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ዓይነት ሰው ዛሬ ከፍ ያለ መኪና ነው የሚፈልገው። ወገቡን ያመዋላ! እንዲህ ያለችውን የሚጠይቁኝ ሌሎች ናቸው። መድኃኒት ቤት ያላት፣ ሆቴል የምታስተዳድር፣ ከብት የምታደልብ። ከአምስቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው።»

«ሴቶቹን ለቁምላቸው ውሰድለት።»

ጥጋቡ አልሰማም። በጥቅምት ሰናይትን ይዞ መጣ። ሰናይት ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዱከም መንገድ አራት ሺህ ዶሮ ታረባለች። በሥራ ልብሷ ነበር የመጣችው፤ ትከሻዋ ላይ ላባ ተለጥፏል። ኮፈኑን አስከፈተች፤ የዘይት መለኪያውን መዝዛ ዘይቱን በጣቷ አሻሸች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተጋድማ የመኪናዋን ሆድ መረመረች። አጎቴ ግን የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ ከኋላዋ ያለውን በር ነው።

«ባልሽ ውጭ ነው?»

«ባል የለኝም ጋሼ።»

«አባትሽስ?»

«ዐርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። ወንድምም የለሽ?»

«ያለኝ ዶሮ ነው። አራት ሺህ። የትኛዋን ልጥራልዎት?»

ጥጋቡ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷ ግን ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። «ዋጋዎን ሰምቻለሁ፤ አልከራከርም። ዛሬውኑ እንዋዋል።»

«የኔ ልጅ፣ ይህ ፈረስ ነው፤ ልጓም የሚይዝለት ይፈልጋል። እኔ የምዋዋለው ከወንድ ጋር ነው። ባል ከሌለሽ አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ።»

«መኪና ልገዛ እንጂ ልዳር አልመጣሁም» አለችና ላባውን ከትከሻዋ አንሥታ ኮፈኑ ላይ አስቀምጣላቸው ወጣች።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ እነሱ ቤት ነበርኩ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ምን ነካዎት? በጠየቁት ዋጋ እኮ ነው እሺ ያለችው!»

«ቁምላቸው ‹ዘርጋው መኪናውን ለእንቁላል መጫኛ ሸጠው› ሲል በጆሮዬ ልስማ?»

እትዬ አስካለ ከሳሎን «ለገብርኤል ሁለት ወር ቀረው» አሉ። አጎቴ ላባውን ከኮፈኑ ላይ እፍ ብለው አበረሩት።

ሰናይት በማግስቱ አቶ ቁምላቸው ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ከአጎቴ የተሻሉ ሰው አልነበሩም። ጥጋቡ እንደ ነገረኝ «ባልሽ...» ብለው ጀምረው ነበር። እሱ ግን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው «ጋሽ ዘርጋውም ይህንኑ ብለው መለሷት» አላቸው።

«ዘርጋው እምቢ አለ?» አቶ ቁምላቸው ቁልፉን ከኪሳቸው መዥረጥ አደረጉ። «እንኪ እመቤቴ፣ ንጂው!»

በጽድቅ ሳይሆን በእልኽ ሸጡላት ማለት ነው። ቢሆንም ሸጡላት። አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ እንደ ድል አድራጊ ሳቁ። «ለሴት ሸጠ! ለዶሮ አርቢ! አለቀለት!» በቀጣዩ እሑድ ሆቴሉ ሲደርሱ ብርማዋ ዋርካው ሥር ቆማለች። ሰናይት ከዶሮ ጋር የምትነሣ ሴት ናት፤ ማን ይቀድማታል? አጎቴ ፀሐይ ላይ አቆሙ።

በኅዳር መድኃኒት ቤት ያላት ሴት መጣች። ይህችኛዋ ባል አላት፤ ጥሪው ሲሏት ጠራችው። የታሪክ መምህር ነው። አጎቴ ደስ ብሏቸው ወንበር አውጥተው አስቀመጡት፤ ሴትዮዋ ቆማለች። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍጥነቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዱት። ሰውዬው በትሕትና አዳምጦ ሲጨርሱ፣

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሥራ የምታደርሰኝ እሷ ናት» አለ።

ሴትዮዋ ሳቀች። አጎቴ ግን «እንግዲያው ወንድምሽን ጥሪልኝ» ሲሏት ሳቋ ቆመ። ባሏን በክንዱ ይዛ ወጣች።

አጎቴ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በግ ያረዱልኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ ትማር ይላሉ፤ ትሥራም ይላሉ። ተምራ፣ ሠርታ፣ የራሷን ገንዘብ ይዛ ደጃቸው ስትቆም ግን ከጀርባዋ ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ወሬው ዞሯል። የሚጠበቀው የተከበረ ወንድ ደግሞ የትም አልነበረም። ጥጋቡም በበራችን ሲያልፍ ስልክ የሚያወራ መምሰል ጀመረ። ቀይዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዋለች፣ አደረች፤ አጎቴ ጠዋት ጠዋት ይወለውሏታል።

ታኅሣሥ ዐሥራ ሰባት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በራችን ላይ ክላክስ ተሰማ። አቶ ቁምላቸው በብርማዋ ገንዘብ የገዙት ከፍ ያለ መኪና ነበር፤ ሚስታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ከፊት ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥላውን አቅፈው ከቤት ወጡ። ለማን መቼ እንደ ደወሉ አልነገሩንም።

አጎቴ መወልወያውን እንደ ያዙ ቀሩ። «አስካለ! በቁምላቸው መኪና?»

«ስለቱ የእኔ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። የመኪናውን መወጣጫ ረገጡ፤ እጀታውን ያዙ፤ ማንም ሳይደግፋቸው ገቡ።

ወይዘሮ በላይነሽ በመስኮት ወደ ግቢያችን አጮልቀው «ውይ! ቀይዋ እስካሁን አልተሸጠችም እንዴ?» አሉ።

እትዬ አስካለ ጥላውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ፤ ባላቸውን፣ መወልወያውን፣ ኮፈኑን በተራ አዩና እንዲህ አሉ፦ «ምን ትሸጣለች፤ ባልሽን ጥሪ ሲል ገበያው ተፈታ።»