ደህና ነን ብሎ ድልድይ የለመነ አገር

ይህን ያጫወቱኝ የጓሮ ጎረቤቴ እማማ ዘርትሁን ናቸው። ባላቸው የወረዳ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ስለነበሩ፣ በር ላይ ቆመው የሰሙትን ሳያጎድሉ ለሚስታቸው ያመጡ ነበር። እኔም ሳላጎድል ነው የምነግራችሁ፤ ከጨመርኩም ለማጣፈጫ ያህል ነው።

በንጉሡ ዘመን ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፤ የሰዉ ቤት ወዲህ፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ይወስዳል። ወረዳ ገዥው ቀኛዝማች መሸሻ ድልድይ ይሠራልን ብለው ሦስት ዓመት ወደ አውራጃ ጻፉ። ደብዳቤያቸው ስምንት ገጽ ነው። መጀመሪያ የአውራጃው ገዥ ማዕረግ እስከነአያት ቅድመ አያታቸው፣ ቀጥሎ «እንደምን ሰነበቱ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከብቱም ዝናቡም ደህና ነው»። የድልድዩ ነገር የሚመጣው ስምንተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ አንባቢ ደግሞ በአውራጃው አልተወለደም። ሦስቱንም ዓመት የመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ደህና መሆናችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል።»

ቀኛዝማች ተናደው ጸሐፊያቸውን ላቀውን አስጠሩት። ላቀው ሠላሳ ያልሞላው፣ አንገቱ የሰጎን፣ ምላሱ የወስፌ የሆነ ሰው ነው። ምን ጎደለን ቢሉት፦

«ጌታዬ፣ ደህና ነኝ ላለ ሰው ማን መድኃኒት ይልካል?»

እንዲያ ከሆነ እኔ ቃል ሳልሰጥህ አንተው እንደ ልብህ ጻፈው አሉት፤ ዘንድሮም ደስ ብሎናል ተብሎ ከመጣ ግን ብዕርህን አስረክበህ ውጣ። የላቀው ሚስት ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዚያ ወንበር ሌላ እንጀራም የለው።

በሳምንቱ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። ቀኛዝማች ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ለትልቅ ሰው ይህችን የምታህል ቁራጭ መላክ ንቀት ነው ብለው ተቆጡ።

«ጌታዬ፣ እሳት ተነሳ ብሎ የሚጮህ ሰው ካባ እስኪደርብ አይቆይም።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ዳኛው ግራዝማች ይልማሸዋ አነበቡና ቅር አላቸው። ላቀው ቤት ለቤት ዞሮ በሦስቱ ክረምት ወንዙ የወሰዳቸውን ጠይቆ፣ ሰባት ሰዎች ብሎ ስማቸውን በተራ አስፍሯል። ዳኛው፣ ሰባት ምን አላት፣ «እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ» በል፤ እሱ ነው የሚያስደነግጠው አሉት።

«ግራዝማች፣ ‘እጅግ ብዙ’ እናት የለውም፤ ሰባቱ እናት አላቸው።»

ዳኛው ወረቀቱን መለሱለት።

ወረቀቱ ላይ አገሬው ያዋጣው ነገርም ተጽፏል፤ ማን ስንት ሸክም ድንጋይ፣ ማን ስንት ቀን ጉልበት እንደሚሰጥ። ነጋዴው አቶ ክንዴ ይህን ሲሰማ ሮጦ መጣ። የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ የማይጥል ሰው ነው፤ ስሜ ከሁሉ በላይ ይጻፍ አለ። ምን ሰጡ ቢባል፣ በሐሳቤ ከእናንተው ጋር ነኝ አለ።

«እንግዲያው ስምዎን በሐሳቤ ጽፌዋለሁ።»

ላቀው ወረቀቱን ራሱ ይዞ አውራጃ ድረስ በበቅሎ ሄደ፤ የበሩን ዘበኛ አልፎ ለገዥው ለደጃዝማች ፈለቀ እጅ ነስቶ ሰጠ። እሳቸውም ቆመው አንብበው ጨረሱት፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። ድሮ ገጽ ሙሉ ይወስድ የነበረ ማዕረጌን በግማሽ መስመር ማን ቆረጠብኝ ብለው ጠየቁ። ላቀው ጎንበስ አለና፦

«ጌታዬ፣ ወረቀቱን ሟቾቹ ሞሉት፤ የእርስዎን ድልድዩ ላይ ልጽፈው ነው።»

ደጃዝማች እዚያው ይሠራ ብለው ፈቀዱ፤ ድልድዩም በሁለተኛው ዓመት ቆመ። እሳቸው ግን ሥራው ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ተሹመው ሄዱ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የተተኪያቸው ስም ነው። ቀኛዝማች በጡረታ ወጡ። አቶ ክንዴ ሱቁን ማዶ አዛወረ። ላቀው በዚያው ወንበር ሃያ ሁለት ዓመት ጽፎ ሞተ፤ የቀበሩትም ድልድዩን ተሻግረው ነው።