ያልተጠየቀው ገበሬ

የቀበሌው አዲስ ሊቀ መንበር ይልቃል ወደ ቀድሞ መምህሩ ሄዶ፣ «የኔታ፣ በጋራ ግጦሹ ላይ የፀሐይ መብራት ልንተክል አስበናል። ሕዝቡን ብጠይቅ እምቢ ይለኝ ይሆናል። ሥራውን ጀምሬ ብነግራቸው አይሻልም?» አላቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ የወረዳ ሹም ነበረ። በወረዳው ከተራራ የሚወርድ፣ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ጅረት ነበር፤ መብራት ግን አልነበረም። በጤና ጣቢያው አዋላጇ ሲመሽ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነበር የምታዋልደው። ሹሙ ይህን ባየ ቀን ባለሙያ አስመጥቶ ጅረቱን አስለካ። ባለሙያውም፣ «ውሃው መብራት የሚያመነጭ ትንሽ ተርባይን ያዞራል፤ ለጤና ጣቢያውም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለወፍጮውም ይበቃል። ውሃው የሚሄድበት ቦይ ግን በአንድ ገበሬ ማሳ ማለፍ አለበት» አለው።

ገበሬው በአገሩ በቁጣው የታወቀ ነበር። በአንድ ክንድ ድንበር ከገዛ ወንድሙ ጋር ዓመታት የተካሰሰ ሰው ነው። ሹሙ ስሙን ሲሰማ ልቡ ከዳው። ዛሬ እሄዳለሁ ይላል፤ ሲነጋ ደግሞ ለነገ ያሳድረዋል። እህል አልበላ አለው። ባልደረቦቹም፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ፖሊስ ይዘን እንግባና እንቆፍር፤ አንዴ ከተቆፈረ ምን ያመጣል?» አሉት። ክረምቱም እየቀረበ ነበር፤ ዝናብ ከገባ አይቆፈርም። ሹሙም ተስማማ። ቀን ተቆረጠ።

ቀኑ ሊደርስ ሲል ግን ኅሊናው እምቢ አለው። ፖሊስም ወረቀትም ሳይዝ፣ ብቻውን በእግሩ ሄደ።

ገበሬው ዱላውን ይዞ ከደጁ ቆሟል። «የቀሩትስ?» አለ መንገዱን እየቃኘ።

«ማንም የለም፤ ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ፈቃድዎን ልለምን ነው፣ አባቴ። የመብራቱ ውሃ ቦይ በማሳዎ እንዲያልፍ ነው። ስፋቱ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። ለሚነካብዎት እንክሳለን። እምቢ ካሉም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

ገበሬው ትክ ብሎ አየው። «ሁለት ክንድ? ሁለት ክንድ ብቻ?»

«ብቻ።»

ገበሬው ዱላውን ካጥሩ አስደግፎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «አንተ ሰው፣ ገደልኸኝ እኮ! ያ ባለሙያ ከመጣ ጀምሮ ‹መንግሥት መሬትህን ጠቅልሎ ሊወስድ ነው› ሲሉኝ ነው የከረሙት። ለማን ልዝራ ብዬ ይኸው አርሼ ተቀምጫለሁ።»

«እኔም እርስዎን ፈርቼ እህል ባፌ አልዞረም።»

«እኔን?» ገበሬው ከት ብሎ ሳቀ። «በል ይለፍ። አባቴ የተከለውን ዋንዛ ብቻ እንዳትነኩብኝ። ለበሬዎቼም መሻገሪያ ሥሩልኝ።» ከዚያም ወደ ጓዳ ዞሮ፣ «ኧረ ጠላ አምጡ፣ እንግዳ መጥቷል!» ብሎ ተጣራ።

ሹሙ እፎይ አለ። እዚያው ገበሬው አጠገብ ተቀመጠ። ጠላውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤ ምሳ ሲቀርብም ይሉኝታውን ትቶ በላ። ገበሬው በማግስቱ በቆሎውን ዘራ። ቦዩም ዋንዛውን ዞሮ ተቆፈረና ክረምቱ ሳይገባ አለቀ።

መምህሩ ወደ ይልቃል ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ሹም አንተ ነህ፤ ገበሬውም ሕዝብህ ነው። አንተ እምቢ ይሉኛል ብለህ ትፈራለህ፤ እነሱም ግጦሻችንን ሊወስድብን ነው ብለው ይፈራሉ። ሳትጠይቅ ብትጀምር የፈሩትን እውነት ታደርገዋለህ።»

«እምቢ ቢሉኝስ፣ የኔታ?»

«እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ። እምቢታ ከሰው አፍ ሲሰሙት ልክ አለው፤ በልብ ሲያሳድሩት ነው ልክ የሚያጣው። ሂድና ጠይቃቸው።»