ደመናው የያዘው ዘፈንና የዶሮዋ ላባ

ተረት አለኝ። አምጪው በሉኛ! እሺ፣ መጣሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ጀርባ፣ ትርንጎ የምትባል ለጋ እናት ትኖር ነበር። የሁለት ዓመት ልጇን ማክዳን ትኩሳት ይዟታል። ነርሷ ሽሮፕ ሰጥታ፣ «እስከ ስድስት ሰዓት ካልዋጠች መልሰሽ አምጪያት፤ ያኔ በመርፌ ነው» ብላለች። ማክዳ ግን ጥርሷን ነከሰች። ቁርሷን ቂንጬውንም ገፋችው።

«የአባባ ጥንቸል!» አለች።

የአባባ ጥንቸል አባቷ የዘፈነላት ዘፈን ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ ኔትወርክ የማይደርስበት በረሃ ላይ ነው። ዘፈኑን ግን ቀድቶ የሰፈሩ እናቶች የኢንተርኔት ገጽ ላይ አስቀምጦላታል። ትርንጎ በአንድ እጇ ማንኪያ እንደያዘች በሌላው ስልኩን ነካች።

ስልኩ «ከገጹ ካልመጣልኝ አልዘፍንም» አለ። ስልኩ አይዘፍንም፣ ማክዳ አትውጥም።

ገጹን ብትከፍተው ባዶ። ገጹ «ደመናው ካልሰጠኝ አላሳይም» አለ። ገጹ አያሳይም፣ ስልኩ አይዘፍንም፣ ማክዳ አትውጥም።

ልጇን አዝላ፣ ሽሮፑንና ማንኪያውን እንደያዘች በግቢው በር ወዳለው የምንተስኖት ኮምፒውተር መጠገኛ ሮጠች። ገጹን ለእናቶቹ የሠራው እሱ ነው።

«ምንቴ፣ ዘፈኑ የት ገባ?»

«ደመናው ዘግቶብን ነው፣ ትርንጎዬ።»

ይህን የሰሙት አከራይዋ እትዬ ዘይነባ «ዘጋ እንዴ?» ብለው የታጠበ ልብሳቸውን ከገመድ ላይ ያነሱ ጀመር።

«የሰማዩ አይደለም፣ እትዬ! ባሕር ማዶ ያለ የኮምፒውተር መጋዘን ነው። የእኛን ዘፈን ያስቀምጥልናል።»

«ታዲያ መጋዘን አይሉትም? ሰው ያስደነግጣሉ!»

ደመናው ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሲገባ በነጻ፣ ሲወጣ በሚዛን። ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር መዝኖ ያስከፍላል። አሁንም «የወጣው ካልተከፈለኝ፣ እሱም በዶላር፣ አልሰጥም» ብሏል። ደመናው አይሰጥም፣ ገጹ አያሳይም፣ ስልኩ አይዘፍንም፣ ማክዳ አትውጥም።

«ማን ነው ይህን ያህል ያስወጣው?» አለች ትርንጎ።

«እኔንጃ። ጥንቸሉ ብቻውን በዚህ ወር ሁለት ሺህ ጊዜ ወጥቷል።»

የትርንጎ ፊት ጋለ። ማክዳ ቀን ቀን ስትተኛ «ድገም» የሚለውን ተጭና፣ ስልኩን ትራስ ሥር ትታ ልብሷን ታጥብ ነበር። ዘፈኑ ስልኩ ውስጥ ያለ መስሏት! ለካ በተደገመ ቁጥር ባሕር አቋርጦ ነው የሚመጣው።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ምንተስኖት ሳቀ። «አንቺ ብቻ መሰልሽ? የዚህ ሰፈር ትራስ ሁሉ ይዘፍናል! ለማንኛውም ዶላሩን ተዪው። ዘፈኖቹ መጀመሪያ የነበሩት እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቅጂያቸው አሁንም አለ።»

ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል።

«ደመናው አቧራ አያውቀውም፣ መብራት አይጠፋበትም ብዬ ነበር ያዛወርኳቸው። የዚህ ቤት የኢንተርኔት መስመር ግን በወር አንድ ዋጋ ነው። ሺህ ጊዜ ቢዘፈን አይመዝንም።»

ቁልፉን ተጫነው። ሳጥኑ ጮኸና ድርግም አለ። «ማራገቢያዬ ካልዞረ እግላለሁ፤ አልነሳም» አለ። ማራገቢያው ደግሞ «ጉድፌ ካልተጠረገ አልዞርም» አለ። ማራገቢያው አይዞርም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ደመናው አይሰጥም፣ ገጹ አያሳይም፣ ስልኩ አይዘፍንም፣ ማክዳ አትውጥም።

ብሩሹ ወፈረ፤ ጣት አልገባ አለ። «ላባ ቢገኝ ነበር» አለ ምንተስኖት።

ሦስቱም ወደ እትዬ ዘይነባ ቀይ ዶሮ ዞሩ። ዶሮዋ ግን ነቄ ናት፤ «ካልበላሁ አልጠጋም» አለች። ዶሮዋ አትጠጋም፣ ላባው አይገኝም፣ ማራገቢያው አይዞርም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ደመናው አይሰጥም፣ ገጹ አያሳይም፣ ስልኩ አይዘፍንም፣ ማክዳ አትውጥም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የማክዳ ትንፋሽ የትርንጎን ማጅራት ፈጀው። እህል፣ እህል፣ ከየት ይምጣ እህል? ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ ቤቷ በረረች። ማክዳ የገፋችው ቂንጬ!

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ቂንጬው ተበተነ፣ ዶሮዋ ተጠጋች፣ እትዬ ዘይነባ ክንፏን ይዘው አንድ ላባ መዘዙ፣ ላባው ጉድፉን ጠረገ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ሳጥኑ ተነሳ፣ ምንተስኖት ገጹን ከደመናው ወደ ሳጥኑ አዞረው፣ ገጹ አሳየ፣ ስልኩ ዘፈነ።

«ጥንቸሌ፣ ጥንቸሌ፣ ጆሮሽን ማን ሳበው...»

ማክዳ አፏን ከፈተች። ዋጠች። ምላሷንም አውጥታ ማንኪያውን ላሰችው።

ትርንጎ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና እፎይ አለች። ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ።

«ግን እወቂው» አለ ምንተስኖት፣ «ሳጥኑ የራሳችን ከሆነ አቧራውም የራሳችን ነው።»

«አቧራውን ለእኔ ተወው» አለች፤ ላባውን ሹሩባዋ ላይ ሰካችው። «ለእናቶቹም እነግራቸዋለሁ፤ አንዴ አውርደው ስልካቸው ላይ ያስቀምጡት።»

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በረደ። እትዬ ዘይነባም ያነሱትን ልብስ መልሰው አሰጡት፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ለእኔ ላባው፣ ለእናንተ ዘፈኑ። ድገሚው ካላችሁኝም እደግመዋለሁ፤ የእኔ ተረት ሲወጣ አይመዘንም።