ጦጣ በአንድ እጇ የቀለበችው

ተረት ተረት፣ ኳስ የሚንከባለልበት!

«እማዬ፣ አንቺ የማን እናት ነሽ?» ጦጣ ይህን የልጇን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለሰችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱር አራዊት የኳስ ቡድን ነበራቸው። ኳሱን በእጁ እየወረወረ ለሯጮች የሚያቀብለው አንድ ብቻ ስለሆነ ለዚያ ቦታ የጦጣ ልጅና የዝንጀሮ ልጅ ተፎካከሩ። ጦጣም ጨቅላዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ጭንቅ ይዟት፣ ሜዳው ዳር ቆመች።

የዝንጀሮ ልጅ ሲወረውር ኳሷ ወንዝ ተሻገረች። ቀበሮ ሮጣ ሮጣ አልደረሰችባትም።

«አየሽ ክንድ? ያንቺ ኮሳሳ ይሄን ይችላል?» አለች እመት ዝንጀሮ።

የጦጣ ልጅ ወረወረ። ቀበሮ እየሮጠች በአፏ ለቀም አደረገቻት።

አሠልጣኙ ጋሽ ኤሊ ዝግ ብለው፣ «ማን አስተማረህ?» አሉት።

«እማዬ ናት ጋሽዬ። ሾላ ስወረውርላት ሕፃን ስለታቀፈች በአንድ እጇ ነው የምትቀልበው። ካበረታሁባት ሕፃኑን ትጥለዋለች።»

«በል፣ ወርዋሪያችን አንተ ነህ።»

ጦጣ ደረቷ በኩራት ተነፋ፤ ጅራቷ ሰማይ ነካ።

በማግሥቱ እመት ዝንጀሮ አንገቷን ደፍታ መጣች። «እትዬ ጦጢት፣ ልጄን ከቡድኑ ሊያስወጡብኝ ነው። ያችን እጅሽን ለእሱም ዘርጊለት።»

ጦጣ አንጀቷ አልቻለም፤ ዘረጋችለት። የዝንጀሮ ልጅ አወራወሩ ቀን በቀን እየለዘበ ሄደ። የጦጣ ልጅም ይህን ከዛፍ ላይ ሆኖ አይቶ ነው «አንቺ የማን እናት ነሽ?» ብሎ የጠየቃት።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦው ይቅርና ምክር አቋድሱ፦ እናንተ ብትሆኑ ልጃችሁን ምን ትሉታላችሁ?