ቀኑን ያቆሙ ሰዎች

ጥር አሥራ አራት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ሰው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ በሩን ያያል። ጸጉሩን ተበጥሯል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። እንደዚያ ነው የተቀመጠው።

ማንም አልመጣም።

ያ ሰው ወንድሜ መክብብ ነው። ጉበቱን ታሞ ነበር። አሰላ፣ በአባታችን ቤት ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ከማንም አልሰማሁትም።

መክብብ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ቤት እየመጡ አንድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የሌለ አገር በቃላቸው ይፈጥራሉ፤ እያንዳንዳቸው በዚያ አገር የሚኖር አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይነግዳሉ። የሚገጥማቸውን የሚያውቁት ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ጥለው ነው። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አጠቆራችሁ። ቆዩ። እኔ የተናደድኩት በጨዋታው አይደለም።

የዚያን አገር የቀን መቁጠሪያ ያወጣው መክብብ ነው። ከውጭ የመጣው የጨዋታ መመሪያ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ይጀምር ነበር። እሱ ግን "ሰው ተኝቶ ሳለ ምን ቀን ይጀመራል?" ብሎ ጎሕ ሲቀድ እንዲጀምር አደረገው። በዓመቱ መጨረሻም እንደ ጳጉሜን ያለች አጭር ወር ጨመረ፤ በእሷ ማንም ሰይፍ አይመዝም። ከዚያ ቀዳዳ የተበሳበት ሰሌዳ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። የጨዋታው ቀን ሲያልቅ የእንጨቷን ችንካር ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ያሻግርና "ነጋ" ይላል። ሁሉም "ነጋ" ይላሉ። ይህ ካልተባለ በዚያ አገር አይነጋም። የተራበ አይበላም፣ የሞተ አይቀበርም። የቆሰለ ሰው ካለ ደግሞ ሲነጋ ጠጠር ይጣልለታል፤ ወይ ይድናል፣ ወይ ይሞታል።

አብረው በተጫወቱበት በመጨረሻው ቅዳሜ፣ በጨዋታው ውስጥ የመክብብ ሰው ክፉኛ ቆስሎ ወደቀ። መሽቶባቸው ስለነበር "ነጋ" ሳይባል ተለያዩ። በሳምንቱ ወንድሜ አልጋ ያዘ።

ጓደኞቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል?

ቀኑን አቆሙት።

ያን ጥር አሥራ አራት ለገመቹ ደወልኩለት። ገመቹ ከልጅነቱ ጀምሮ እኛ ቤት የበላ፣ እኛ ቤት ያደረ ነው።

"የት ናችሁ?" አልኩት።

"እትዬ ትርንጎ፣ እኛ እኮ ቀኑን አቁመነዋል። ቢነጋ ጠጠር መጣል አለበት። የመክብብ ሰው ቢሞትስ? እሱ እስኪነሳ ድረስ ላንሰበሰብ ተስማምተናል። ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።"

"ገመቹ፣ እዚህ ቤት በየቀኑ ይነጋል።"

ከዚያ "እንደዚያ ሆኖ ማየት ከበደን፣ እትዬ" አለኝ።

ለመክብብ ነገርኩት። ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ያመዋል፤ ቢሆንም ሳቀ።

"እዚያም ተኝቻለሁ፣ እዚህም ተኝቻለሁ። አንዳችን እንኳ ብንነሳ ምን አለበት፣ እቴ?" ደግሞ "ሰውየው ይሙት ግድ የለም። እነሱ ይምጡ። መጥተው 'ነጋ' ሲሉ ልስማቸው" አለ።

"ችንካሩን እኔ ላሻግርልህ?"

"አንቺ ብታሻግሪው እንጨት ማንሳት ነው። ቀን የሚነጋው አብረው የዋሉ ሰዎች ሲያነጉት ነው።"

ይህንኑ ለጓደኞቹ አደረስኩ። ሩሐማ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ "ለፋሲካ ይሻለዋል፣ ያኔ እንመጣለን" አለች። ሦስተኛው ስልኩን አላነሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሸሚዙን ለወጥኩለት። ከዚያ በኋላ ባለውም። በሩን ሲያይ ይውላል።

ወገኖቼ፣ ይህ ፍቅር ነው? እነሱ ፍቅር መስሏቸዋል። ለሌለ ሰው ሞት ሳስተው ያለውን ሰው ብቻውን ተዉት። እሱን ያተርፋል ብለው ያቆሙት ቀን እኮ ወደ እሱ የሚመጡበት ቀን ነበር! ያንን አቁመው በምን በኩል ሊደርሱለት ነው? ደግሞ 'ንገሪው፣ ደስ ይለዋል' ይባላል?

የካቲት ውስጥ አረፈ። ጎሕ ሲቀድ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ሦስቱም መጡ። ለመምጣት እግር እንደነበራቸው ያን ቀን አየሁ። ገመቹ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ "እትዬ፣ እናንጋው?" አለኝ።

"ነግቷል" አልኩት።

እናንተ ደግሞ በእነሱ ላይ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንዳትወጡ። የእናንተ ሰሌዳ የት ነው የተሰቀለው? "ትንሽ ይሻላት፣ ከዚያ እጠይቃታለሁ" ያላችሁት ማንን ነው? "ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?" እያላችሁ ስንት ደጅ አለፋችሁ? "በዚያ መልኩ ላየው አልፈልግም፣ በደህናው ጊዜ የማውቀው መልኩ ይቅርልኝ" የምትሉ አላችሁ። ለእናንተ እንዲቀርላችሁ ነው የታመመው? በዚያ መልኩ እየኖረበት ነው እኮ! እናንተ ማየት የከበዳችሁን እሱ ተሸክሞት ይውላል።

ፀሐይን የሚያዝዛት ማን ነው? እናንተ ናችሁ? እግዚአብሔር በየማለዳው ያነጋል፤ ለደህናውም ያነጋል፣ ለታመመውም ያነጋል፣ እናንተ ለምትጠብቁት ለዚያ ለተሻለው ቀን ብሎ አንድም ማለዳ አያዘገይም። እናንተ ያቆማችሁት እግራችሁን ብቻ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወይዘሮ ድንቄ ተኝተዋል። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አሁን፣ እዚህ ተቀምጠን ሳለ፣ በሩን ያያሉ። ከዚህ ስትወጡ መንገዳችሁ በደጃቸው ነው።

የወንድሜ ጓደኞች ከቀብሩ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ገመቹ ችንካሩን አሻገረ፤ ሦስቱም "ነጋ" አሉ። ሩሐማ ለቆሰለው ሰው ጠጠሩን ጣለች።

ሰውየው ዳነ።